ከለንደን ስትራትፎርድ ደርሶ መልስ፦ የሼክስፒርን የትውልድ ከተማ በአንድ ቀን ለማየት

ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር አንዱን ቀን ስትራትፎርድ እንውላለን። መጀመሪያ የወሰድኳቸው አጎቴን ነበር። በወጣትነታቸው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የሼክስፒር ተውኔት ትርጉም መድረክ ላይ ያዩ፣ ሐምሌትን እንደ ዘመድ የሚያወሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ መንገዱን አላጠናሁም። ከሱቅ ሱቅ፣ ከካፌ ካፌ ስንል ዋልንና ሼክስፒር የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የመዝጊያው ሰዓት አልፏል። አጎቴ ሲመለሱ ለንደን እስክንገባ በባቡሩ መስኮት ወደ ውጭ እያዩ ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንግዳውን እንደዚያ እንዳይመልስ ነው።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከተማዋን በሰውየው ዕድሜ ቅደም ተከተል እዞራታለሁ። የተወለደበት ቤት፣ የተማረበት ክፍል፣ ሀብት ሲያገኝ የገዛው ግቢ፣ የተቀበረበት መቅደስ። አራቱም ከሞላ ጎደል በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ናቸው። ሳይቆም ለሚሄድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኛ ግን እየቆምን ነው የምንሄደው።

1. ቀኑን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ይሻላል። ቀኑ ረጅም ነው፣ የወንዙ ዳርም ለመቀመጥ ይመቻል። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ ቤቶቹም ቶሎ ይዘጋሉ።

ከሳምንቱ ቀናት እኔ ማክሰኞንና ሐሙስን እመርጣለሁ። ሰው አይበዛም፣ ጾም ስላልሆነም ምግቡ አያስቸግርም። ልጆች ካሉ ቅዳሜ ይሁን። እሑድ ለመሄድ ካሰባችሁ ሁለት ነገር አስቡበት፦ ባቡሩ ይቀንሳል፣ መቃብሩ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ስለሆነ ለጎብኚ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ከተማዋ በዓመት አንዴ የምትጨናነቀው ኤፕሪል 23 አካባቢ ባለው ቅዳሜና እሑድ ነው። ሼክስፒር መቼ እንደተወለደ የሚናገር ጽሑፍ የለም። የክርስትና መዝገቡ ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ስለሚል ልደቱ ከሦስት ቀን በፊት ነው ብለው ኤፕሪል 23ን ያከብሩለታል። የሞተውም በዚያው ቀን በ1616 ነው። ለእኛ 23 ሲባል ጊዮርጊስ ነው፤ እንግሊዞችም ኤፕሪል 23ን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ብለው ያከብሩታል። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ አበባ ይዞ ከተወለደበት ቤት እስከ መቃብሩ በሰልፍ ይሄዳል። ሰልፉን ማየት የሚፈልግ ሰው በዚያን ዕለት ይሂድ፤ ቤቶቹን ተረጋግቶ ማየት የሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ።

2. ትኬት መቁረጥ

እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ስትራትፎርድ እንዳለ አትርሱ። አንደኛው እዚሁ ምሥራቅ ለንደን ያለው፣ የኦሎምፒክ ስታዲየሙ ሰፈር ነው። እኛ የምንሄድበት ስትራትፎርድ አፖን ኤቨን ይባላል፤ ኤቨን በተባለው ወንዝ ዳር ስላለ ነው። ስልክ ላይ “ስትራትፎርድ” ብቻ ብሎ መንገድ የሚፈልግ ሰው የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ ምሥራቅ ለንደን ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ቀድማን እንድትጠብቀን ብትላክ እዚያ ቆማ ደወለችልን፤ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈብን። ትኬት ስትቆርጡ ሙሉው ስም መኖሩን እዩ።

ባቡሩ የሚነሣው ከሜሪልቦን ጣቢያ ነው። ጉዞው ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቀጥታ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሚንግተን ስፓ ወይም ሌላ ጣቢያ ላይ ወርዶ መቀየር አለ። እንግዳችሁ ብቻቸውን የሚጓዙ ከሆነ የሚቀይሩበትን ጣቢያ ስም በአማርኛ ፊደል በትልቁ ጽፋችሁ ስጧቸው። ለእናቴ የጻፍኩላትን ወረቀት እስከ ዛሬ በቦርሳዋ ይዛዋለች።

በሥራ ቀን በጠዋቱ ግፊያ ሰዓት የሚቆረጥ ትኬት ውድ ነው፤ ያ ካለፈ በኋላ የሚሠራውን ደርሶ መልስ ግዙ። ልጆች ካሏችሁ የቤተሰብ ቅናሽ ካርዱን ሳታወጡ አትሂዱ። ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ ከተጓዘ የአዋቂውን ዋጋ በአንድ ሦስተኛ፣ የልጁን በ60 በመቶ ይቀንሳል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም።

በርሚንግሃም ላላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሙር ስትሪት ወይም ከስኖው ሂል ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረሳል። በመኪና ከለንደን የሚመጣ ሰው ኤም 40ን ይዞ በ15ኛው መውጫ ይወጣና ኤ 46ን ይከተላል፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መሃል ከተማው ግን ጠባብ ስለሆነ ትልቁ የክፍያ ማቆሚያ ላይ አቁማችሁ በእግር ግቡ።

ከአገር ቤት ለመጡ አንድ ነገር ደግማችሁ ንገሯቸው፤ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 09:10 ማለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ 18:30 ማለት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እንግዳ ለብቻው ጣቢያ ሲጠብቅ የሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው ከዚህ ነው።

3. የቤት ሥራ፦ ከመሄድ በፊት አንድ ነገር በአማርኛ ማንበብ

ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። እኔ ግን ከትኬቱ እኩል አየዋለሁ። ብዙዎቻችን ሼክስፒርን ያወቅነው በእንግሊዝኛ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን በአማርኛ ግጥም ሰጡን፤ ጸጋዬ ደግሞ ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን። አንድ ትዕይንት ብቻ ቢሆን ከጉዞው በፊት ማታ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች ደግሞ ሼክስፒርን በትምህርት ቤት ስለሚማሩት እነሱ በእንግሊዝኛ፣ እናንተ በአማርኛ አንዱን ታሪክ እርስ በርሳችሁ ተተራረኩ። በእኛ ቤት ልጁ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ፣ አያቱ የጸጋዬን ይዘው አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡበት ማታ ከጉዞው ራሱ አይተናነስም ነበር።

4. የሚያዝ ነገር

የማይንሸራተት ጫማ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ነጠላ። ነጠላው ለቤተ ክርስቲያኑም ለወንዙ ነፋስም ይሆናል። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ያዙ፤ ልጆችን እስከ ምሳ ያቆያል።

ምሳ ከቤት ይዞ መሄድን እመክራለሁ። በወንዙ ዳር ሰፊ ሣር አለ፤ ሕዝቡ ሁሉ አንጥፎ ነው የሚበላው። እኛ የጾም ፍርፍር በዕቃ፣ ዳቦና ሻይ በፔርሙስ እንይዛለን። ጾመኛ ሆኖ እዚያ ጥብስ ድንች መግዛት ያሰበ ሰው በምን እንደተጠበሰ ይጠይቅ። በዘይት የሚጠብሱ አሉ፣ በበሬ ሞራ የሚጠብሱም አሉ፤ በዓይን አይለይም።

5. የተወለደበት ቤት፣ ሄንሊ ስትሪት

ከጣቢያው እስከ ሄንሊ ስትሪት በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ በየማዕዘኑ የመንገድ ምልክት አለ። ቤቱ በመንገዱ ላይ ዓይን የሚስብ ነው፦ ግራጫ እንጨት፣ በመካከሉ ልስን፣ ዝቅ ያለ በር። መግቢያውን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ያዙ። ሌሎቹን ቤቶች አጠቃልሎ የሚያስገባውን ትኬት መግዛት የሚያዋጣው በእርግጥ ሁለተኛ ቤት ለማየት ካሰባችሁ ነው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ግድግዳውን ተመልከቱ። እንጨት አቁመው፣ በመካከሉ ጭራሮ ጠልፈው፣ ጭድ የገባበት ጭቃ መርገው ነው የሠሩት። እናቴ ቀርባ አየችውና “ምሰሶ፣ ማገር፣ ምርግ... ይሄማ የእኛ ቤት ነው” አለች። ወዲያው አባቷ ጭቃ ሲያስረግጡ፣ እሷ ልጅ ሆና ጭድ ስትበትን የነበረውን ነገረችን፤ ልጆቹ ሰምተውት አያውቁም ነበር። አስጎብኚዋ ምን እንዳለች ጠይቃን ስንነግራት ደስ አላት። ስለዚህ ከገጠር የመጣ አዋቂ ይዛችሁ ከሆነ እዚህ ቤት ውስጥ አታጣድፉ። ስለ ግድግዳው ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

የአባቱን የሥራ ክፍል ደግሞ ሳታዩ አትለፉ። ጆን ሼክስፒር ጓንት ሠሪ ነበር፤ ቆዳ ያለፋል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። በእኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው “ፋቂ” ተብሎ ሲሰደብና ከጉርብትና ሲገፋ ኖሯል። እዚህ ያ ሰው በ1568 የከተማው ሹም ሆነ። የእሱ ስም መጀመሪያ የሚገኝበት መዝገብ የ1552 ሲሆን፣ የሚናገረውም በዚሁ መንገድ ላይ ቆሻሻ ስለከመረ 1 ሺሊንግ መቀጣቱን ነው። ልጆቼን እዚያ ክፍል ውስጥ አቁሜ ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ የዓለም ትልቁ ጸሐፌ ተውኔት የቆዳ ሠራተኛ ልጅ ነው።

ፎቅ ላይ የመኝታ ክፍሉ አለ፤ ደረጃው ጠባብና ያረጀ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሰው ታች ቢቀሩ ብዙ አይቀርባቸውም። ከቀድሞ ጎብኚዎች በመስኮቱ መስተዋት ላይ ስማቸውን ጭረው የሄዱ አሉ፤ ከእነሱ መካከል ጸሐፊዎቹ ዋልተር ስኮትና ቶማስ ካርላይል ይገኙበታል። መስተዋቱ ዛሬ ተነሥቶ ለብቻው ተቀምጧል። ቤቱ በ1847 በጨረታ ሲሸጥ ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ በ3000 ፓውንድ ገዛው፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ነው።

ለዚህ ቤት አንድ ሰዓት ይበቃል። ስትወጡ መንገዱ በሙሉ የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ነው። እኔና አጎቴ የጠፋነው እዚህ ነበር። ዕቃ ስትመለሱ ግዙ።

6. ትምህርት ቤቱና የጸሎት ቤቱ

ከሄንሊ ስትሪት ወደ ሃይ ስትሪት ታጥፋችሁ ቀጥ በሉ። መንገዱ ስሙን እየለወጠ ይሄዳል፦ ሃይ ስትሪት፣ ቻፕል ስትሪት፣ ቸርች ስትሪት። በስተግራ ኒው ፕሌስ የሚባለውን ግቢ ታገኛላችሁ፤ ለጊዜው እለፉት። ቀጥሎ ያለው የድንጋይ ጸሎት ቤት ጊልድ ቻፕል ነው፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ረጅሙ ጣውላ ቤት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው።

በጸሎት ቤቱ ጀምሩ። ከፊት ለፊት ከቅስቱ በላይ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ነበረ፤ ዛሬም ደብዝዞ ይታያል። እንግሊዝ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት በተለወጠችበት ጊዜ ሥዕሎች ይጥፉ ተብሎ ታዘዘና በኖራ ተለቀለቀ። ለሥራው 2 ሺሊንግ ተከፈለ የሚለውን ሒሳብ በ1564 መጀመሪያ ላይ ያቀረቡት የከተማው ገንዘብ ያዦች ናቸው፤ አንዱ የሼክስፒር አባት ነው። ልጁ ሊወለድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። በሥዕል መካከል ላደግን ሰዎች ያ ነጭ ግድግዳ ከባድ ነው። አጎቴ በሁለተኛው ጉዟችን እዚያ ቆመው ብዙ ቆዩ።

የመማሪያ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። የተማሪዎቹ የስም መዝገብ አልተረፈም፤ ነገር ግን የሹሙ ልጅ የተማረው እዚህ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። ትምህርቱ ላቲን ነበር፤ ከንጋት ጀምሮ፣ በቃል፣ እየደጋገሙ። የማይናገሩትን ቋንቋ በቃል ይዞ፣ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ኋላ በእናት ቋንቋ መራቀቅን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። ግዕዝ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ክፍል በአንድ ዓይን ያነበዋል። ታችኛው አዳራሽ ደግሞ ተጓዥ የቲያትር ቡድኖች የሚያሳዩበት ነበር፤ አባቱ ሹም በነበሩበት ዓመት ቡድኖች መጥተው ከከተማው ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። ልጁ ያኔ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ነው። በመግቢያ የሚከፈልበት ቦታ ነው። አንዱን ብቻ የመክፈል አቅም ካላችሁ ከተወለደበት ቤት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ሰው ከተወለደበት አልጋ ይልቅ የተማረበት ቦታ ብዙ ይናገራል ብዬ ስለማምን።

7. ኒው ፕሌስ

አሁን ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ ተመለሱ። ከጸሎት ቤቱ ማዶ ያለው ይህ ግቢ በከተማዋ ካሉት ትልልቅ ቤቶች አንዱ የቆመበት ነበር። ሼክስፒር ተማሪ ሆኖ በየቀኑ በደጁ አልፏል፤ በ1597፣ በ33 ዓመቱ፣ ገዛው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ልጁን ቀብሯል። ሐምኔት ይባላል፤ ከእህቱ ከጁዲት ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ፣ በ11 ዓመቱ በ1596 የሞተ። ወንድ ልጅ ሌላ አልነበረውም። እዚያ ደጅ ላይ ቆማችሁ የልጁንና የተውኔቱን ስም አንድ ላይ ጥሩ፦ ሐምኔት፣ ሐምሌት። በዚያ ዘመን መዝገብ ሁለቱ እንደ አንድ ስም ይጻፉ ነበር።

ቤቱ ዛሬ የለም። በ1702 ገደማ እንደ አዲስ ተሠርቶ የቆየውን ቤት ኋላ የገዛው ፍራንሲስ ጋስትሬል የሚባል ቄስ በ1759 አፈረሰው። ሼክስፒር ተከለው የሚባለውን የማልበሪ ዛፍም ቀደም ብሎ፣ ጎብኚ ሰልችቶት፣ ቆርጦ ነበር። የከተማው ሰው ይቅር አላለውም። አሁን ያለው የአትክልት ቦታ ነው፤ መሠረቱ የነበረበት መሬት ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ጊዜ ካጠራችሁ በአጥሩ በኩል አይቶ ማለፍ ይበቃል።

8. መቃብሩ

ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ እዚህ ድረሱ። ሰዓታችሁ ከተጣበበ ኒው ፕሌስንም ትምህርት ቤቱንም ትታችሁ ቢሆን ወደዚህ ኑ። በብርዱ ወራት ከሞቃቱ ወራት ቀድሞ ይዘጋል፤ ቀብርና ሰርግ ያለበት ቀንም አለና የዕለቱን ሰዓት ጠዋት ስልካችሁ ላይ ተመልከቱ።

ሆሊ ትሪኒቲ ማለት ቅድስት ሥላሴ ነው። ከበሩ እስከ ደጀ ሰላሙ በሁለት ረድፍ የቆሙ ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ አንደኛው ረድፍ የአሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል፣ ሌላኛው የሐዋርያት ነው ይባላል። እናቴ እንደ ልማዷ ደፉን ተሳልማ ገባች። ጫማ ማውለቅ የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መግባት ነጻ ነው፤ መቃብሩ ወዳለበት ወደ መቅደሱ ለመቅረብ ግን መጠነኛ ገንዘብ ይጠየቃል። ክፈሉ፤ ያ ሁሉ መንገድ የተመጣው ለዚህ ነው።

ከመቃብሩ በፊት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የተሰበረው የድንጋይ ማጥመቂያ ነው፤ ሕፃኑ የተጠመቀበት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው የመዝገቡ ቅጂ ነው። ጥምቀቱ በላቲን በአንድ መስመር ተጽፏል። በዚያው ዓመት በጁላይ ደግሞ የቀብር መዝገቡ ላይ “ከዚህ ቸነፈር ጀመረ” የሚል አለ። በዚያ ቸነፈር ከከተማዋ ከ200 ሰው በላይ አለቀ፤ የሦስት ወር ሕፃን ግን ተረፈ።

ከዚያ ወደ ፊት ሂዱ። መቃብሩ ከመሠዊያው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ነው፤ በግራው ሚስቱ አን፣ በቀኙ ዘመዶቹ። እዚያ የተቀበረው በድርሰቱ አይደለም። በ1605 የቤተ ክርስቲያኑን የአሥራት ገቢ ድርሻ በ440 ፓውንድ ስለገዛ በመቅደስ የመቀበር መብት አገኘ። ድንጋዩ ላይ ስሙ የለም። ያለው አራት ስንኝ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ወዳጄ ሆይ፣ ስለ ኢየሱስ ብለህ እዚህ የተከደነውን አፈር አትቆፍር፤ ይህን ድንጋይ የተወ የተባረከ ይሁን፣ አጥንቴን የሚያንቀሳቅስ የተረገመ ይሁን።

ይህን በአማርኛ ለእናንተ ሰዎች አንብቡላቸው። ሌሎቹ ጎብኚዎች እንግዳ ነገር ነው ብለው ይደነቃሉ፤ ለእኛ ግን የታወቀ ነው። በብራና መጻሕፍታችን ላይ “ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን” (የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) እያልን ስንጽፍ የኖርነው ግዝት ነው። አጎቴ በሁለተኛው ጊዜ ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው “ገዘተ እንዴ! ደግ አደረገ” አሉ። ግዝቱም ሠርቷል፤ አጽሙን ማንም ወደ ለንደን ሳይወስደው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ቀና ብላችሁ በግድግዳው ላይ ያለውን ምስል እዩ። ከሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቆመ ነው። በእጁ የያዘው ብዕር እውነተኛ የዝይ ላባ ነው፤ እያረጀ ይለወጣል። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ ጸጋዬን አስባለሁ። ቦዳ፣ አምቦ አጠገብ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ለንደን መጥቶ ቲያትር አጥንቶ፣ እኒህን ተውኔቶች በአማርኛ አፍ ያስገባቸው ሰው የተቀበረው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ጸሐፊውም ተርጓሚውም በሁለት አገር በአንድ ስም በተጠራ ደብር አርፈዋል። ሻማ የሚበራበት ቦታ አለ። እኛ ሁለት እናበራለን።

9. ወንዝ ዳር

ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥታችሁ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ መሃል ከተማ ተመለሱ። ምሳ አሁን ነው፤ የጾም ቀን ከሆነም ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል። ጥሩው ቦታ ባንክሮፍት የሚባለው መናፈሻ ነው። ዝይና ዳክዬ፣ ጠባብ ጀልባዎች፣ ፊት ለፊት የሼክስፒር ሐውልት። በ1888 የተመረቀው ይህ ሐውልት በዙሪያው አራት ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ሐምሌት የራስ ቅል ይዞ ተቀምጧል፣ የማክቤዝ ሚስት እጇን እያሸች ቆማለች። ማታ ያነበባችሁትን ትዕይንት እዚህ ድገሙት። ፎቶ ከሐምሌት ጋር ተነሡ።

ልጆች ካሉ፣ ከጸደይ እስከ መኸር ከሆነ፣ በእጅ በሚዘወር ሰንሰለት የምትጎተተውን ትንሿን መሻገሪያ ጀልባ አሳፍሯቸው። ከ1937 ጀምሮ ታሻግራለች፤ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ልጆቹ ግን የቀኑን ሁሉ ይረሱና እሷን ነው የሚያወሩት።

ትልቁ ቀይ ጡብ ሕንፃ የሮያል ሼክስፒር ቲያትር ነው። የመጀመሪያው በ1926 ተቃጠለ፤ ይህ በ1932 ተከፈተ፣ ንድፉን ያወጣችው ኤሊዛቤት ስኮት የምትባል ሴት ናት። በ2010 ውስጡ ታድሶ መድረኩ ወደ ተመልካቹ መሃል ገባ። ከሰዓት በኋላ ትዕይንት ያለበት ቀን ካገኛችሁ ቀድማችሁ ትኬት ያዙ፤ ግን ትዕይንት ያለበት ቀን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ያን ቀን ከባቡር እንደወረዳችሁ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ሂዱ፣ የተወለደበትን ቤት አስከትሉ፣ ከዚያ ቲያትር ግቡ። ከቲያትር ስትወጡ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ይጠብቃችኋልና።

የሚስቱ የአን ሐትዌይ ቤት ሾተሪ በሚባል ሰፈር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አንድ ማይል ላይ ነው። ሣር ክዳን፣ ዙሪያው አበባ፤ ያምራል። በእግር የሚሄድ ወጣት ብቻ ከሆነ ሂዱ። ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ሣር ክዳን ቤት አይተው የማያውቁ አይደሉም።

10. መመለስ

የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጠዋት ሳትነሡ ጻፉ። ከመሸ በኋላ ወደ ለንደን የሚሄደው ጥቂት ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ለመያዝ አስቡ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ ይኖራችኋል። ከወንዙ እስከ ጣቢያው ከአዛውንት ጋር 25 ደቂቃ ያዙ። የማስታወሻ ዕቃ የሚገዛ ሰው አሁን በሄንሊ ስትሪት ሲያልፍ ይግዛ፤ ብዙዎቹ ሱቆች 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋሉ።

ሌሚንግተን ላይ የምትቀይሩ ከሆነ የምትጠብቁበት ጊዜ ረዘም ሊል ይችላል፤ የተረፈው ዳቦና ሻይ የሚወጣው እዚያ ነው። በሁለተኛው ጉዞ አጎቴ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሐምሌት በቃላቸው የያዙትን ለልጄ ይሉላት ጀመር። እሷ አማርኛው ሲጠጥርባት እያስቆመች ትጠይቃለች፣ እሳቸው እየመለሱ ይቀጥላሉ። ባቡሩ ሲመጣ ገና መሃል ላይ ነበሩ፤ ሜሪልቦን እስክንደርስ አልጨረሱም።